አገር ስጡን፦ ስለ አዲስ የጨዋታ ታሪክ አወጣጥ

ጨዋታ የሥራ ፈት ሀብት ነው የሚል ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። እኛም በዚሁ አሳብ ያደግን ስለሆንን፥ ዕድሜያችን ሠላሳን ካለፈና በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ዐሥር ዓመት ካገለገልን በኋላ፥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጎረቤት ልጆች ጋራ ተቀምጠን የሌሉ መንግሥታትን ስናቆምና ስናፈርስ እንውላለን ብለን በሕልማችንም አላሰብንም ነበር። ሆኖም ነገሩ ሆነ። ከሆነም በኋላ አንድ ትምህርት ስለ አገኘንበት፥ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ቢካፈሉት መልካም ነው በማለት ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርበናል። ስሕተታችንንም አልደበቅንም፤ ትምህርቱ የተገኘው ከስሕተቱ ነውና።

መኖሪያችን በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚገኘው፥ ኮዬ ፈጬ የተባለው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። በስተምሥራቅ የየረር ተራራ ይታያል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፥ በበጋም ተሰነጣጥቆ ምርኩዝ ይውጣል። በ2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ ከወጣ ወዲህ፥ ስማቸው የተነበበላቸው ሰዎች ከከተማው ማዕዘን ሁሉ ቀስ በቀስ ተሰብስበው መጡ፤ እኛም ዕጣ ከደረሳቸው ከአንዱ ላይ ተከራይተን በሦስተኛው ፎቅ ገባን። ከመርካቶ የመጣው፥ ከጉለሌ የመጣው፥ ከቂርቆስ የመጣው በአንድ ደረጃ ይወጣል፥ በአንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ግን እርስ በርሱ አይተዋወቅም። በቀድሞው ሰፈር ጉርብትናን የሠሩት ልደትና ለቅሶ፥ ዕቁብና ዕድር ነበሩ፤ የኛን ጉርብትና የሠራው ግን ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ሰውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ አያስተዋውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የክረምት ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ፥ ዝናቡም አላስወጣ ብሎ፥ የሕንፃችን ልጆች በደረጃው ላይ ሲራኮቱ ዋሉ። አንዲት እናት ከላይ ሆነው ይቆጣሉ፥ አንድ አባት ከታች ሆነው ይመልሳሉ፤ የልጆቹ ጠብ የወላጆች ጠብ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ያን ጊዜ፥ ባሕር ማዶ ቆይቶ የተመለሰ አንድ የሥራ ባልደረባችን ያስተማረን ጨዋታ ትዝ አለን። ልጆቹን ጠርተን፥ ሰዉ «ኮሚናል» በሚለው የጋራ መገልገያ ቤት ጥግ ሻማ አብርተን አስቀመጥናቸው። አጀማመራችን ይኸው ነው።

የጨዋታው ደንብ ቀላል ነው። አንድ ሰው የጨዋታው አባት ይሆንና ታሪኩን ይከፍታል፤ «ሌሊት ነው፤ ወንዙ ሞልቶአል፤ ከማዶ የሚጣራ ድምፅ ይሰማል» ይላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ነጋዴ፥ አንዷ ሐኪም፥ አንዱ የሸሸ ወታደር። የጨዋታውም አባት «እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም አሳቡን ይናገራል፤ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ሲያጋጥም ዕጣ ይፈርዳል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ታሪኩ የት እንደሚደርስም የሚያውቅ የለም፥ የጨዋታው አባትም ቢሆን።

የዚህ ጨዋታ የዘር ሐረግ ሲቈጠር ከጦር ትምህርት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ መኮንን፥ በካርታ ላይ በዳይስና በአንድ ዳኛ አማካይነት የሚካሄድ፥ መኮንኖች የሚሠለጥኑበት የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ከ150 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1974፥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፥ ተጫዋቹ ሠራዊትን ሳይሆን አንድን ሰው ብቻ የሚሆንበትን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡ። በዚያ ጨዋታ የታወቀው ዕጣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው። እኛ ይህን ከየት እናመጣለን? ስለዚህ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ለቅመን፥ በእያንዳንዱ ውስጥ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጽፈን በወተት ጣሳ ከተትነው። ቀላል ሥራ ከ5 በላይ፥ ከባድ ሥራ ከ15 በላይ ካልወጣ አይፈጸምም። ጣሳው ሲንኳኳ የልጆቹ ትንፋሽ ቀጥ ይላል፤ ወላጆቻቸው ስማቸው እስኪነበብ የጠበቁበትን ቀን የሚደግሙት ይመስላል።

አንባቢያችን ይህ የባዕድ ጨዋታ ነው ብሎ እንዳይፈርድብን እንለምናለን። ልጅነቱን ያልረሳ ሰው እቃ እቃ የተጫወተበትን ቀን ያስታውሳል፤ ቆርቆሮው ድስት፥ አፈሩ ዱቄት፥ የስድስት ዓመቱ ልጅም አባወራ ነበር። ትልልቆቹም ከዚህ አልራቁም። በቀድሞ ዘመን በልሃ ልበልሃ ሲባል፥ ከሳሽና ተከሳሽ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፥ ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ እያሳመሩ ሲሟገቱ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጥ፥ ዳኛ ሁነን ሲባልም ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ እንግዳ የሆነብን ሣጥኑ እንጂ በውስጡ ያለው ዕቃ አይደለም።

ችግሩ የመጣው በአምስተኛው ቅዳሜ ነው፤ ታሪክ አለቀብን። እስከዚያ ድረስ ካየናቸው ፊልሞች እየቆረስን እናቀርብ ነበር። አንድ ቀን ግን ገና ታሪኩን ስንከፍት የአራተኛው ፎቅ ልጅ እያዛጋ፥ «ጋሼ፥ መጨረሻ ላይ ወንድማማች መሆናቸው በጠባሳ ይታወቃል፥ አይደል?» አለን። እውነትም በጠባሳ ይታወቅ ነበር። ሻማው መጥፋቱን ምክንያት አድርገን ጉባኤውን በተንን።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። ጆርጅ ፖልቲ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የድራማ ታሪኮች ሁሉ በ36 ሁኔታዎች ይጠቃለላሉ ብሎአል። ቭላዲሚር ፕሮፕ የተባለ ሩስያዊ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928፥ አንድ መቶ ያህል የአገሩን ተረቶች መርምሮ፥ ባለታሪኮቹ ቢለዋወጡም የሚፈጽሙት ሥራ ከ31 ዓይነት እንደማይበልጥ አሳይቶአል። ይህን ባነበብን ጊዜ መጀመሪያ ደስ አለን፥ ቀጥሎም ከፋን። በርበሬና ሽንኩርት፥ ቅቤና ጨው በየቤቱ አለ፤ ወጡ ግን በየቤቱ አንድ አይደለም። ሊቃውንቱ ቅመሙን ቈጥረው ሰጡን፤ እጅ ግን አልሰጡንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙትንና በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለውት ነበር። ስሙ ያማረ ነው፤ ልብ ይወልዳል ማለት ነው። ነገር ግን የቅዳሜው ሰዓት እየቀረበ ልብ አልወልድም ሲል ምን ይደረጋል?

መላው ከማናስበው ቦታ፥ ከገዛ መዝገብ ቤታችን ተገኘ። በየቀኑ ብዙ ደብዳቤ በእጃችን ያልፋል። በውስጡ ያለው የሰው ምሥጢር ስለሆነ ወደ ጨዋታ አናወጣውም፤ መልኩን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከላይ «ለ» ይላል፥ ቀጥሎ «ጉዳዩ» ይላል፥ ከታች ፊርማ አለ። አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሊሰጠው የሚችል ሌላ ሰው አለ፤ በመካከላቸው አንድ የጎደለ ነገር አለ። ታሪክ ማለት ይኸው አይደለምን? ከዚያ ወዲህ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ብቻ እንጽፍ ጀመር፤ የሚፈልገው ማን ነው? የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚከለክለው ማን ነው? የሚከለክለውስ ሰው እውነት አለውን? አራተኛይቱ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። የሚከለክለው ሰው ክፉ ብቻ ከሆነ ታሪኩ ወደ ፊልሙ ይመለሳል፥ ልጁም ያዛጋል፤ እርሱም እውነት ያለው እንደሆነ ግን ማንም ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ መንገድ ካወጣናቸው ሁሉ የተወደደው የአውጫጭኝ ታሪክ ነው። አውጫጭኝ በቀድሞ ዘመን፥ በደለኛው ያልታወቀ ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ፥ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ነገሩ የሚጣራበት ሥርዓት ነበር። በጨዋታችንም የአንድ መንደር የዘር እህል ተሰረቀ፤ መንደርተኛው በሜዳ ላይ ተከበበ፤ ሌባው ካልተገኘ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ደመናው ይጠቁራል፤ ያልታለቡ ላሞች ከየደጁ ይጮኻሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ምሥጢር በጆሮው ሹክ አልነው፤ የሌባውን ማንነት ግን ለማንም አልነገርንም፥ እኛም ገና አልወሰንንም ነበርና። ነገሩ ተካሮ፥ ልጆቹ እርስ በርስ ተወነጃጅለው ሲደክማቸው፥ ያ የአራተኛው ፎቅ ልጅ ተነሣና፥ ያልሰረቀውን፥ «እኔ ነኝ፤ ላሞቹ ይታለቡ» አለ። በቤቱ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ልጆቻቸውን ሊጠሩ መጥተው የነበሩ ሁለት እናቶችም ቆመው ቀሩ፤ ያን ዕለት ሲወጡ አንደኛዋ የሌላዋን ስም ሲጠይቁ ሰማን። በአንድ ደረጃ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ኩራት ገባን። ታሪክ ማውጣት ተምረናል አልን። በዚያው ስሜት የራሳችንን ሰፈር አመሠራረት እንጫወት ብለን «ጉዳዩ፦ አዲስ ከተማ ስለ መቈርቈር» የሚል ወረቀት አዘጋጀን። ሻማው በራ፥ ጣሳው ቀረበ። እኛም ድምፃችንን አጐላልተን፥ «ከብዙ ዘመን በፊት በዚህ ስፍራ ሰው ያልረገጠው ባዶ ሜዳ ነበር» ብለን ጀመርን።

ከልጆቹ መካከል፥ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋራ የምትመጣ፥ ከሕንፃዎቹ ባሻገር ከቀሩት የገበሬ ቤቶች በአንዱ የምትኖር፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ብዙ አትናገርም። ያን ቀን ግን ቀና ብላ፥ «ጋሼ፥ ባዶ አልነበረም» አለች።

«ጨዋታ ነው እኮ» አልናት።

«አውቃለሁ። ግን ባዶ አልነበረም። እዚህ የአያቴ ሽምብራ ነበረ።»

እኛም፥ ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል፥ የተዘጋጀው ታሪክ እንዳይበላሽብን ብለን፥ «እሺ፥ ሽምብራውን በኋላ እናስገባዋለን» ብለናት ቀጠልን። ልጆቹ ሳቁ። እርስዋ አልሳቀችም። ቆርኪዋን ወደ ጣሳው መልሳ፥ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣችም።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ራሳችንን ብዙ መረመርን። በመዝገብ ቤት ዐሥር ዓመት ስንሠራ፥ ቢጣፍጥም ቢጐመዝዝም፥ አንድም ማመልከቻ ሳንመዘግብ ጥለን አናውቅም። ይህች ልጅ ግን በዓይናችን ፊት ማመልከቻዋን አቀረበች፤ አመልካች ነበረች፥ ጉዳይ ነበራት፥ እውነትም ነበራት፤ እኛ አልመዘገብንላትም። አራቱን ጥያቄዎች ለሌላ ሰው ስናስተምር የራሳችንን ታሪክ አንዱንም ሳንጠይቅ ከፍተነው ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ ማንም የሚከለክል ሰው የለምና ታሪኩ እንኳ እንደ ታሪክ ደካማ ነበር። የደከመውም ውሸት ስለሆነ ነው።

በአንዱ ሌሊት እንቅልፍ ቢከለክለን የልጅነታችን እንቆቅልሽ ትዝ አለን። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል «ምን አውቅልህ» ይባላል። መልሱን ያጣ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፥ ከዚያ በኋላ መልሱ ይነገረዋል። ልጆች ሳለን ይህ የተሸናፊ ቅጣት ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ግን ሌላ ምሥጢር እንዳለበት ታየን። አላውቅም ያለ ሰው አገሩን ይሰጣል፥ ስለ ሰጠም ያውቃል። እኛ በተቃራኒው ሳናውቅ አገሩን ወሰድን፥ መልሱንም ራሳችን ሰጠን።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከጓደኛዋ ጋራ ወደ ቤታቸው ሄድን። አያትየው በደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። እርሳቸው በአፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፥ ልጅቱ ታስተረጉማለች። ጥፋታችንን ነግረን ይቅርታ ለመንን። ሽማግሌው ስለ ጥፋቱ ምንም አልተናገሩም፤ «የትኛው ሕንፃ ነው የሚኖሩት?» ብለው ብቻ ጠየቁን። በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት አሰቡና በምርኩዛቸው እያመለከቱ፥ እዚያ ቦታ በክረምት ውሃ ይተኛ እንደነበረ፥ መስከረም ላይ ውሃው ሲጠነፍፍ ዋልካው በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበት እንደነበረ አስረዱን። ከሕንፃችን ደጅ ዛሬም በየክረምቱ ውሃ ይተኛል። ሁለት ክረምት ድንጋይ እየረገጥን ስንሻገረው ምክንያቱን ያወቀ ከመካከላችን ማንም አልነበረም። አላውቅም ባልን በሩብ ሰዓት ውስጥ ስለ ደጃችን የተማርነው፥ በሁለት ዓመት ከተማርነው በለጠ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። እኛም ጣሳውን ለእርስዋ ሰጥተን፥ በርጩማችንን ወደ ልጆቹ ጎን አዛወርን። እርስዋም ዙሪያዋን ተመልክታ፥ «እንቆቅልሽ?» አለች።

«ምን አውቅልሽ?»

«አገር ስጡኝ።»

«ኮዬን ሰጠንሽ» አልን በአንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የከፈተችው ታሪክ በሁለት ዓመት ከተጫወትናቸው ሁሉ የበለጠ ነው። አንድ ሽማግሌ ለዘር የሚሆን ምርጥ ሽምብራ በማሰሮ አድርገው ቀብረው ነበር። አሁን በላዩ ቤት ቆሞበታል። ሽማግሌው መቈፈር ይፈልጋሉ፤ ባለቤቱ ግን ግድግዳዬ ይፈርሳል ብሎ ይከለክላል። ባለቤቱን የሆነው የአራተኛው ፎቅ ልጅ ነው። ተነሥቶ እንደ ጥንት ተሟጋች ክንዱን ዘርግቶ፥ «እኔ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቤ፥ ዐሥራ አራት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ቤት ነው፤ የት ልሂድ?» አለ። ይህን ንግግር ከፊልም አልወሰደውም፤ ከእራት ገበታቸው ላይ ነው የሰማው። ልጅቱም፥ «እኔስ ዘሬን ከየት ላምጣ?» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሙግቱ ሁለት ሰዓት ቆየ፤ ወላጆች አንድ ሁለት እያሉ መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው አዳመጡ። በመጨረሻ ግድግዳው ሳይነካ ከጎን ለመቈፈር ተስማሙ። ከባድ ሥራ ነውና ከ15 በላይ ይፈልጋል፤ ጣሳው ተንኳኳ፥ ቆርኪው ወጣ፤ 9 ነበር። ማሰሮው አልተገኘም። ማንም አላኰረፈም። ልጅቱ ቆርኪዎቹን እየሰበሰበች፥ «ሳምንት እንቀጥላለን» አለች።

ጨዋታ መሬትን ለገበሬ አይመልስም፥ ለተከራይም ቤት አይሠራም። ይህን አንክድም፤ ከዚህ በላይ እንዲሠራም አንጠብቅበትም። ነገር ግን ዕጣ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸውን ሰዎች እርስ በርሳቸው «አንተ ማን ነህ? ከየት መጣህ? ምን ትፈልጋለህ?» አባብሎአቸዋል። ያም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጨዋታ ለመጀመር የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፥ ወይም ለልጆቹ የሚነግረው ተረት ያለቀበት አባት ቢኖር፥ ከልምዳችን ጥቂት ቃል እንመክራለን። አዲስ ታሪክ በጨዋታው አባት ራስ ውስጥ ተከማችቶ አይገኝም፤ በዙሪያው በተቀመጡት ሰዎች ጉድለትና ምኞት ውስጥ ነው ያለው። የሚፈልገውንና የሚከለክለውን ለይቶ ለሁለቱም እውነት መስጠት ያስፈልጋል። አንዲት ልጅ «እንዲህ አልነበረም» ያለች እንደሆነ ታሪኩ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ታሪኩ ያን ጊዜ ጀመረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን አጥፎ ጣሳውን ማቀበል ይገባል።

ባለፈው መስከረም ልጆቹ ከደጃችን፥ ውሃው ከሚተኛበት ቦታ ላይ፥ አያትየው የሰጧቸውን አንድ እፍኝ ሽምብራ ዘሩ። ግማሹን ዶሮ ለቀመው፤ ግማሹ ግን በቀለ። ማሰሮው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በየቅዳሜው እየፈለግነው ነው።